በጎ ፈቃደኛው ለምን ይመጣል፣ ለምንስ ይሄዳል?

በኢትዮጵያ ለትርፍ ካልተቋቋሙ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ጉልበት ነው። በመርጃ ማዕከላት አረጋውያንን የሚያጥበውና የሚመግበው፣ በክረምት ወራት ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሰው፣ አደጋ በደረሰበት ስፍራ ቃሬዛ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ይኸውም ማንም ሳያስገድደው፣ ክፍያን ዋና ዓላማው ሳያደርግ፣ ጊዜውንና ችሎታውን ከቤተሰቡ ውጭ ላሉ ሰዎች ጥቅም የሚያውል ሰው ማለት ነው። እነዚህን ድርጅቶች በቅርብ የሚያውቅ ሁሉ የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ፦ ጥሪ በተደረገ ጊዜ ተመዝጋቢ አይጠፋም፣ ከወራት በኋላ ግን በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የስም ብዛትና በሥራው ቦታ የሚገኘው ሰው ብዛት አይገናኝም። ለዚህ መራራቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የወጣቱ ትጋት ማነስ ወይም የዘመኑ ሰው ፍቅር መቀዝቀዝ ነው። ማብራሪያው ለድርጅቶች የሚመች ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞችን የሚያስኮበልለው አብዛኛውን ጊዜ የልባቸው መለወጥ ሳይሆን የአስተዳደሩ ጉድለት ነው፣ ከጉድለቶቹም ሁሉ ሥር የሚገኘው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ጊዜ ወጪ የለውም የሚለው እምነት ነው።

ይህ እምነት ከአገሩ ልማድ የተወረሰ አይደለም። ደቦ የሚጠራ ገበሬ አዝመራውን ለሚያጭዱለት ጎረቤቶቹ ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፣ ሥራው ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅም ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የታወቀ ነው። ወንፈል ከዚህም የጠበቀ ስሌት አለው፤ ዛሬ ለአንዱ የተሠራለት ቀን በሌላ ጊዜ በቀን ይመለሳል። እድር ደግሞ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ በወር መዋጮ የሚተዳደር፣ ከቀብር የቀረን አባል የሚቀጣ፣ የድንኳኑንና የዕቃውን ቁጥር በመዝገብ የሚይዝ ተቋም ነው፤ ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚያስቆፍረውና ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ማን እንደሆነ በዚያች ሰዓት አይፈለግም። ሕዝቡ መረዳዳትን ከሥርዓት ነጥሎ አላየውም።

የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በየወሩ በበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሳተፉ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በዓለም ላይ 862 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርሱ ገምቷል፤ ከእነዚህም የሚበዙት በድርጅት ሳይታቀፉ እንደ ደቦና እንደ እድር ባለ መንገድ ሰው ለሰው በቀጥታ የሚረዳዱ ናቸው። ይሁን እንጂ የእድር አባል ዛሬ በጎረቤቱ ለቅሶ የሚገኘው ነገ በራሱ ቤት ሐዘን ቢገባ ብቻውን እንደማይቀር አውቆ ሲሆን፣ በድርጅት በኩል የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ግን የሚረዳው ውለታውን ሊመልስለት የማይችል፣ ብዙ ጊዜም ስሙን እንኳ ቀድሞ የማያውቀውን ሰው ነው። ውለታው የሚመለስበት መንገድ በተቋረጠበት ቦታ ሰውየውን ከሥራው ጋር የሚያስተሳስረውን ሌላ ነገር መተካት የድርጅቱ ኃላፊነት ይሆናል፤ የበጎ ፈቃደኞች አስተዳደር የሚባለው ሙያ በሙሉ ከዚህ ክፍተት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ክፍተቱን ቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ የስዊዘርላንዱ ነጋዴ ሄንሪ ዱናንት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1859 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ሶልፌሪኖ በተባለ ስፍራ፣ የፈረንሳይና የሰርዲንያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋግቶ ሜዳው በሙታንና በቁስለኞች ሲሞላ፣ በአቅራቢያው የምትገኘው የካስቲሊዮኔ ከተማ ሴቶች የዚህ ወገን ወይም የዚያ ወገን ወታደር ነው ሳይሉ ቁስል ሲያጥቡና ውኃ ሲያጠጡ ዱናንት አብሯቸው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1862 ስለዚሁ ባሳተመው መጽሐፍ የሴቶቹን ርኅራኄ ከልቡ ያደነቀ ቢሆንም፣ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ አድናቆቱ አልነበረም፤ ሳይዘጋጅ በድንገት የተነሣና መሪ የሌለው ቸርነት ለእንዲህ ያለ መከራ እንደማይበቃ አሳይቶ፣ በሰላም ጊዜ ተቋቁመው በጎ ፈቃደኞችን አስቀድመው የሚያሠለጥኑ ማኅበራት በየአገሩ እንዲመሠረቱ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔቭ ላይ የተጀመረው የቀይ መስቀል እንቅስቃሴ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ከመውረሯ ከጥቂት ወራት በፊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ቪየና ላይ ከጸደቁት የእንቅስቃሴው ሰባት መሠረታዊ መርሆች አንዱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው።

ሥርዓት ለማበጀት ግን በመጀመሪያ ሰዎች ለምን እንደሚመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጊል ክላሪና ማርክ ስናይደር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ ሰውን ወደ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚስቡ ስድስት ምክንያቶችን ለይተዋል። አንዱ የሚያምንበትን እሴት በተግባር ለመግለጽ ይመጣል፤ ሌላው አዲስ ነገር ለመማርና ችሎታውን ለመፈተሽ፣ ሌላው ወዳጆቹ ስለሚሳተፉበትና ከሰው ጋር ለመቀራረብ፣ ሌላው ለሥራ የሚረዳውን ልምድ ለማካበት ይመጣል፤ ከራሱ ብቸኝነት ወይም ጸጸት ለመሸሽ የሚያገለግልም አለ፣ በማገልገሉ ለራሱ ያለው ግምት ከፍ እንዲል የሚሻም አለ። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱና ሦስቱ አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። ከዝርዝሩ ይልቅ ለአስተዳዳሪዎች የሚጠቅመው የጥናቱ ሌላ ውጤት ሲሆን፣ ይኸውም የመጣበትን ምክንያት የሚያረካ ሥራ ያገኘ በጎ ፈቃደኛ በአገልግሎቱ ይበልጥ እንደሚደሰትና ለመቀጠልም ይበልጥ እንደሚያስብ ያመለክታል። ስናይደር ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአለን ኦሞቶ ጋር ባሳተመው፣ በአሜሪካ የኤድስ ሕሙማንን በሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ይበልጥ የተዘጋጁት ለራሳቸውም የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ዕውቀትን ወይም የግል ዕድገትን፣ ፈልገው የመጡት ሆነው ተገኝተዋል፤ የርኅራኄ ተፈጥሮ ብቻውን የቆይታ ዋስትና አልሆነም።

ይህ ውጤት በኢትዮጵያ ድርጅቶች ዘንድ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት የምስክር ወረቀትና የልምድ ማስረጃ አገኛለሁ ብሎ ሲመጣ፣ እንደ ጥቅመኛ የሚያየው አስተባባሪ ጥቂት አይደለም፤ ለጽድቅ ብላ የምትመጣ፣ የአረጋዊት እናት ምርቃት ለሳምንት ስንቅ የሚሆናት ሴት ግን ያለ ጥያቄ ትመሰገናለች። ሁለቱም ምክንያቶች የተከበሩ ናቸው፣ የሚፈልጉት አያያዝ ግን የተለያየ ነው። ወጣቱ ኃላፊነቱ እያደገ የሚሄድ፣ የተማረውን ሙያ የሚጠቀምበትና በመጨረሻም ምን እንደሠራ በዝርዝር የሚጻፍለት ሥራ ይፈልጋል፤ ሴትዮዋን ከቢሮ ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ደግሞ ከመጣችለት ሰው መለየት ነው። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስምና የስልክ ቁጥር ብቻ ሞልቶ ማለፍ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ጭውውት ሊያስቀረው የሚችለው የኋላ ኩርፊያ ግን ብዙ ነው።

እነዚህ ነገሮች በሰው ሕይወት ላይ ሲወርዱ ምን እንደሚመስሉ ለመረዳት በአዲስ አበባ በኤች አይ ቪ ኤድስ ዘመን የነበሩት የቤት ለቤት እንክብካቤ ሰጪዎች ታሪክ በሰፊው ሊነበብ የሚገባው ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልጋ የያዙ ሕሙማንን እቤታቸው ሄደው ገላ የሚያጥቡት፣ ቁስል የሚጠርጉት፣ ምግብ የሚያጎርሱት፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጣቸውን የሚከታተሉት፣ ቤተሰብ ያገለላቸውንም ቁጭ ብለው የሚያጫውቱት ከየሰፈሩ የተመለመሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። መድኃኒቱ ሕይወትን ያተረፈው ሰው እንዲወስደው የሚያበረታ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሌላ ሰው በመኖሩ ጭምር ነውና፣ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ በሽታውን በመቋቋሙ ታሪክ ውስጥ ከተሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባው ነበር።

ኬኔት ሜስ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ማለትም የሰዎችን አኗኗርና ባህል አብሮ በመኖር የሚያጠና ምሁር፣ በእነዚሁ የአዲስ አበባ በጎ ፈቃደኞች ላይ ያደረገውን ጥናት በተለያዩ ጽሑፎች፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2017 በመጽሐፍ አውጥቶታል። የጥናቱ ጊዜ የምግብ ዋጋ እጅግ ከናረበት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጋር የተገጣጠመ ሲሆን፣ ምግብ ይዘው ወደ ሕሙማን ቤት ይሄዱ ከነበሩት በጎ ፈቃደኞች አብዛኞቹ በራሳቸው ቤት በቂ ምግብ እንዳልነበራቸው ተገንዝቧል። ሥራቸውን ግን ይወዱት ነበር፤ ከሕሙማኑ ጋር እንደ ቤተሰብ ተዛምደዋል፣ አገልግሎቱንም ከእምነታቸው ጋር አያይዘው በእግዚአብሔር ፊት የተቆጠረ አድርገው ይመለከቱታል፤ በዚያውም ላይ ብዙዎቹ አንድ ቀን በዚሁ በኩል ደመወዝ ያለው ሥራ ይገኛል የሚል ተስፋ ነበራቸው። በፕሮግራሞቹ አካባቢ ደግሞ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ በገንዘብ የማይተመን ውድ ነገር ስለሆነ አይከፈልበትም የሚል አነጋገር ይሰማ ነበር። አነጋገሩ ሥራውን ያከብራል፤ ነገር ግን ክብሩን ተናግሮ ወጪውን የሚተው ድርጅት በተግባር የሚያደርገው፣ ለሕሙማን እንክብካቤ መዋል የነበረበትን ገንዘብ ከድሃ ሴት መሶብ ላይ መውሰድ ነው፤ በዚህ ላይ ለዘብ ብሎ መናገር አይገባም።

ተመሳሳይ ጥያቄ በገጠርም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው በአብዛኛው ሁለት ሁለት፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱና የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ከ30,000 በላይ ሴቶችን ያሰማራ ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ ከእነርሱ ሥር የሴቶች ልማት ሠራዊት የተባለው አደረጃጀት ተዘረጋ፤ በዚህም አንዲት ሴት አምስት ያህል ጎረቤቶቿን ያለ ክፍያ እንድትመራ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት እንድታስተምር ተደረገ። አሠራሩ የመንግሥት እንጂ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ይሆናል። ሜስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት የዳሰሳ ጥናት እነዚህ መሪ ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የባሰ ችግርና የሥነ ልቦና ጭንቀት ያለባቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ይህም መሪዎቹ ኑሯቸው የተሻለና ጊዜ የተረፋቸው ናቸው ከሚለው ግምት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ከሥራው ክብደት፣ ከሥልጠናቸውና ከሚያውሉት ሰዓት ጋር የሚመጣጠን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። አንድ ሥራ በየቀኑ የሚሠራ፣ ሪፖርት የሚቀርብበት፣ ቢቀር የሚያስጠይቅና ለሠራተኛው ሌላ ገቢ የመፈለጊያ ጊዜ የማይተው ከሆነ፣ የሥራው ስም ምንም ይሁን ምን መደበኛ ሥራ ነው፤ በእንዲህ ያለው ቦታ ሰው አልቆይ አለ ብሎ የማበረታቻ ዘዴ መፈለግ ከንቱ ነው፣ ዘዴው ደመወዝ ነውና።

ከዚህ ተነሥቶ ለበጎ ፈቃደኛ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ መስጠት ይበጃል ማለት ግን አይቻልም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ብሩኖ ፍራይና ሎሬንዝ ጎቴ እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ በጎ ፈቃደኞችን መረጃ መርምረው፣ አነስተኛ ክፍያ የሚሰጣቸው ሰዎች ምንም ከማይከፈላቸው ያነሰ ሰዓት እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል። ትንሽ ክፍያ ስጦታውን ወደ ርካሽ ቅጥርነት ይለውጠዋል፤ ሰውየውም ሥራውን በገንዘቡ መጠን መመዘን ይጀምራል። የውሎ አበል ልማድ በሰፈነበት የኢትዮጵያ የድርጅቶች ዓለም ይህ ለማንም እንግዳ አይሆንም፤ በአበል የሞላ የሥልጠና አዳራሽ በማግስቱ በሥራው ቦታ ባዶ ሲሆን በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ልዩነቱ በክፍያና በወጪ መተካት መካከል መደረግ አለበት። ከቃሊቲ ተነሥቶ በሁለት በሦስት ታክሲ ኮተቤ የሚደርስ በጎ ፈቃደኛ የታክሲውን፣ የምሳውን፣ የሞባይል ካርዱንና የጓንቱን ዋጋ ከኪሱ እየከፈለ ከቀጠለ፣ ማገልገል የሚችሉት ገንዘብ ያላቸው ብቻ ይሆናሉ፤ የሌላቸውም ምክንያቱን ለመናገር እያፈሩ ዝም ብለው ይቀራሉ፣ አስተባባሪውም ስንፍና ብሎ ይመዘግበዋል። ያወጣውን ወጪ በወቅቱ፣ ሳይለምን፣ በቀላል ደረሰኝ መመለስ ግን የአገልግሎቱን ትርጉም አይነካውም፤ ደቦ ጠሪው ያቀረበውን ጠላ ማንም የቀን ሥራ ክፍያ ብሎ እንደማይጠራው ሁሉ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዕቅድ ወቅት ሳይታሰብ በመቅረቱ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህም አንዳንድ ኃላፊዎች ለበጎ ፈቃደኞች የሚውለውን ወጪ ከሁሉ አስቀድመው እንዲቀንሱት ሰበብ ሆኗቸዋል። ነገር ግን ሕሙማንን የሚያጥብ ሰው መጓጓዣና ሥልጠና የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ እንጂ የቢሮ ማስተዳደሪያ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም ከፕሮጀክቱ ተግባራት ጋር ተያይዞ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ለጋሾችም ቢሆኑ መቶ በጎ ፈቃደኞች ይሳተፋሉ የሚል ዕቅድ በቀረበላቸው ቁጥር ለመቶው ሰው የተያዘው በጀት የት እንዳለ ቢጠይቁ፣ ባዶ ተስፋ የሚጽፉ ድርጅቶች ይቀንሱ ነበር።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚመጣው የየዕለቱ አያያዝ ነው። ማርክ ሄገርና ጄፍሪ ብሩድኒ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን መረጃ መሠረት አድርገው ባቀረቡት ጥናት፣ በጎ ፈቃደኞችን ከሥራው ጋር መርጠውና አዛምደው የሚመድቡ፣ የሚያሠለጥኑና የሚያድጉበትን ዕድል የሚሰጡ እንዲሁም ለአገልግሎታቸው ዕውቅና የሚሰጡ ድርጅቶች ሰዎቻቸውን የተሻለ እንደሚያቆዩ ተገኝቷል። ያልተጠበቀው ውጤት ግን ቁጥጥርና ክትትል የሚያበዙት ድርጅቶች የሚያቆዩት ሰው አነስተኛ ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ሰው የሚኮበልልበት ድርጅት ቁጥጥር ያበዛ ሊሆንም ይችላል። ሆኖም ለደመወዝተኛ የተዘጋጀውን የመገኛ ፊርማ፣ የሳምንት ሪፖርትና የግምገማ ስብሰባ በሙሉ ወደ በጎ ፈቃደኛው የሚያዞር አሠራር ሰውየውን ደመወዝ የሌለው ተቀጣሪ እንደሚያደርገው ለመገመት አያስቸግርም። የሚያስፈልገው ሥራው በግልጽ ተጽፎ መሰጠቱ፣ ይኸውም ምን እንደሚሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ምንስ ማድረግ እንደማይፈቀድለት መታወቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ችግር ሲገጥመው ስልክ የሚያነሣለት ሰው መኖሩ ይበቃል።

በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ተመዝግቦ ለሁለት ወር ያልተጠራ ሰው ልቡ ይርቃል፤ ተጠርቶ መጥቶ ደግሞ ሥራ ሳይዘጋጅለት ግማሽ ቀን በግቢው ውስጥ ሲንገላወድ የዋለ ሰው፣ ጊዜው እንደማይከበር በአንድ ቀን ተምሮ ይሄዳል። ካኒቴራና ባጅ ማደል፣ በዓመቱ መጨረሻም በትልቅ አዳራሽ የምስክር ወረቀት መስጠት መልካም ነው፣ ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ብክነት ማካካሻ አይሆንም።

የሠሩት ሥራ የት እንደደረሰ የማወቅ ፍላጎት ከዕውቅና ሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው ሲሆን፣ ለዚህ የደም ልገሳ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ቀድሞ ይበዛ የነበረው ደም ምትክ ደም ነበር፤ ማለትም የታመመ ዘመድ ያለው ሰው ለተሰጠው ደም ምትክ ከቤተሰቡ ሰብስቦ የሚያመጣው ነው። እንዲህ ያለው ለጋሽ ዘመዱ ከዳነ በኋላ የሚመለስበት ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ ትኩረቱ በየሦስት ወሩ በፈቃዱ የሚመለስ ቋሚ ለጋሽ ወደ ማፍራት ዞረ። ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ቅስቀሳ የማይፈታው፣ ሰውን የማቆየት ጥያቄ ነው። በስዊድን የደም ማዕከላት የለጋሹ ደም ለታካሚ በተሰጠ ጊዜ ለለጋሹ አጭር የስልክ መልእክት የሚልኩበትን አሠራር ዘርግተዋል፤ መልእክቱ የታካሚውን ማንነት አይገልጽም፣ ወጪውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ነገር ግን ክንዱን ዘርግቶ የሄደውን ሰው ከአንድ በማያውቀው ሰው መዳን ጋር ያገናኘዋል። ሌሎች ድርጅቶችም ከዚህ የራቀ ነገር አያስፈልጋቸውም። በክረምት ያስተማረ ወጣት ተማሪዎቹ በቀጣዩ ፈተና ምን እንዳመጡ፣ ቤት ያደሰ ቡድን ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያው መያዝ አለመያዙን ቢነገረው፣ በሚቀጥለው ጥሪ ለመምጣት ሌላ ማሳመኛ አይፈልግም።

ይህን ሁሉ የሚያከናውን ሰው ያስፈልጋል። በብዙ ድርጅቶች የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪነት በሌላ ሥራ ለተጠመደ ሠራተኛ በተጨማሪ የሚሰጥ ኃላፊነት ነው፤ ሠራተኛው በጊዜ እጥረት ስልክ ሳይመልስ ይቀራል፣ ድርጅቱም መቶ ሰው ያጣል። ለአስተባባሪው ሙሉ ጊዜ መስጠት፣ አቅም ከሌለም የቆዩትን በጎ ፈቃደኞች በየቡድኑ መሪ ማድረግ፣ ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያተርፈው ይበልጣል። ሌላው አስተባባሪው ሊይዘው የሚገባ ጉዳይ በደመወዝተኞችና በበጎ ፈቃደኞች መካከል የሚፈጠረው ውስጣዊ ቅሬታ ነው፤ ደመወዝተኛው እንጀራዬን ያሳጡኛል ብሎ ሲሰጋ፣ በጎ ፈቃደኛው ደግሞ እየተከፈለው የሚለግመውን ሲያይ ይመረራል። የሥራ ወሰናቸው በጽሑፍ ካልተለየ ቅሬታውን መልካም ጠባይ ብቻውን አያበርደውም።

የጉዳት መከላከሉም ነገር እንደ ትርፍ ጣጣ መታየት የለበትም። ከሕፃናት፣ ከአእምሮ ሕሙማንና ከአረጋውያን ጋር የሚሠራ ሰው ማንነቱ ሊጣራ፣ ዋስ ወይም ምስክር ሊጠየቅ ይገባል፤ እውነተኛ በጎ ፈቃደኛ ምክንያቱ ከተገለጸለት በዚህ አይከፋም። ድርጅቱም በበኩሉ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን በጎ ፈቃደኛ ማን እንደሚያሳክም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሞትና ስቃይ በየቀኑ የሚያዩትን ደግሞ ልባቸው የሚዝልበት ጊዜ እንደሚመጣ አውቆ፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መድረክና ሳያፍሩ የሚያርፉበት ፈረቃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሰጪዎቹ ሕሙማናቸውን ሲቀብሩ ብዙ ጊዜ ያጽናና የነበረው ድርጅታቸው ሳይሆን እርስ በርሳቸው የነበራቸው ፍቅር ነው።

በመጨረሻም በጎ ፈቃደኛን ማቆየት ለዘለዓለም መያዝ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። መጨረሻው ያልተነገረ አገልግሎት ሰውን በሁለት መንገድ ያጠፋዋል፤ ወይ መጀመሪያውኑ ፈርቶ አይገባም፣ ወይም ከገባ በኋላ መውጫው ስለሚያሳፍረው ስልኩን ዘግቶ ይሰወራል። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ተብሎ የተወሰነ፣ ሲያልቅም ሁለቱም ወገኖች ተነጋግረው የሚያድሱት ወይም በምስጋና የሚዘጉት ስምምነት ይህን ያስቀራል። በክብር የተሰናበተ ሰው አደጋ ሲመጣ ሊጠራ የሚችል የሠለጠነ ተጠባባቂ ይሆናል፣ ወዳጆቹንም ይልካል። ሲወጣ የሚጠየቀው ጥያቄም አጭር ነው፦ ምን አስደሰተህ፣ ምን አስቸገረህ፣ ምን ቢስተካከል ትቆይ ነበር? መልሶቹ ስም ሳይጠቀስባቸው ተሰብስበው፣ በዓመቱ ስንት ሰው እንደገባና ስንት ሰው እንደወጣ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር፣ ከሒሳብ ሪፖርቱ ጎን ለድርጅቱ ቦርድ መቅረብ አለባቸው፤ ቦርዱ ለገንዘቡ ጉድለት ማብራሪያ የሚጠይቀውን ያህል ለሰው ጉድለትም የሚጠይቅበት ድርጅት በኢትዮጵያ ገና ጥቂት ነውና።